የእማ ቲቪና የእህቴ ታብሌት

ታናሽ እህቴ ሪያድ ከሄደች 6 ዓመት ሆናት። እማ ደሴ ናት፣ ሆጤ አካባቢ። እኔ ኮምቦልቻ ስለምሠራ አርብ አርብ ከሥራ ስወጣ ሚኒባስ ይዤ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ እማ ዘንድ አድራለሁ። 25 ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው፤ ግን ኮምቦልቻ በሸሚዝ ተሳፍራችሁ ደሴ ስትወርዱ ጃኬት ትፈልጋላችሁ። አርብ ማታ የእህቴ ቀን ነው። በሳውዲና በእኛ መሀል የሰዓት ልዩነት ስለሌለ ማስላት የለም። እሷ የቤቱን ሥራ ጨርሳ ክፍሏ ስትገባ እኛም ቡናው ላይ ነን።

ታብሌቱን የላከችው ራሷ ናት፣ ወደ አገር ከምትመለስ ጓደኛዋ ጋር። «እማ በስልክ እያየችኝ አይደለም፣ በዚህ ትየኝ» ብላ። እማ የዓይን ሞራ አለባት። አንዱን ዓይኗን ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተሠርታለች፣ ሁለተኛው ገና ነው። ታብሌቱ ከስልክ ይሻላል፤ ለእሷ ግን አሁንም ትንሽ ነው። አፍንጫዋ ስክሪኑን ሊነካ እስኪደርስ ታስጠጋዋለች። ስታስጠጋው ደግሞ እህቴ የሚታያት ሻሿ ብቻ ነው። «እማ ራቅ አድርጊው፣ ፊትሽን ላየው» ትላለች። ራቅ ሲል እማ አታያትም። እንዲህ ሲጓተቱ ካርዱም ሰዓቱም ያልቃል።

ቡፌው ላይ ግን 32 ኢንች ቲቪ ተቀምጧል። ስማርት አይደለም፣ ዳንቴል የለበሰ ተራ ቲቪ ነው። ከኋላው ሁለት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ አለው፤ አንዱን የዲሹ ሪሲቨር ይዞታል፣ አንዱ ባዶ ነው። የታብሌቱ ምስል እዚያ ላይ ቢወጣ እማ ልጇን ከፍራሿ ሳትነሳ ታያታለች ብዬ አሰብኩ። ለማድረስ አራት አርብ ፈጀብኝ። እህት ወይም ልጅ ዓረብ አገር ያላችሁ ብዙ ስለሆናችሁ፣ እኔ የተንከራተትኩበትን እናንተ እንዳትደግሙት ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ የገዛሁት ገመድ ነው። በአንድ በኩል ታይፕ ሲ፣ በሌላ በኩል ኤችዲኤምአይ። ፒያሳ ካለ አንድ ሱቅ። ልጁ «ለሁሉም ይሠራል» አለኝ፣ እኔም አመንኩት። ማታ ቡፌውን ከግድግዳ አላቅቄ፣ አቧራውን ጠርጌ፣ ሰካሁት። ቲቪው «ሲግናል የለም» አለ። ገልብጬ ሰካሁ። ቀዳዳ ቀየርኩ። ታብሌቱን አጥፍቼ አበራሁ። እማ አቦሉን ቀድታልኝ ነበር፣ በረካው ሲመጣ እኔ አሁንም ቡፌው ጀርባ ነኝ። «ተወው ልጄ፣ አብሽር፣ በትንሹም አያታለሁ» አለችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ችግሩ ገመዱ ላይ አልነበረም። ታይፕ ሲ ማለት የቀዳዳው ቅርፅ ስም ነው፣ አለቀ። ከቀዳዳው ጀርባ ምን እንደተዘረጋ ቅርፁ አይነግራችሁም። ታይፕ ሲ በፈረንጆቹ 2014 ሲወጣ፣ ዲስፕሌይፖርት የሚባለው የምስል ሲግናል በዚያው ቀዳዳ እንዲያልፍ የሚያደርግ አሠራርም በዚያው ዓመት ወጥቷል። ነገር ግን ይህን ማስገባት አለማስገባት የአምራቹ ምርጫ ነው። ርካሽ ታብሌቶች ላይ ብዙ ጊዜ አያስገቡትም። ቀዳዳው ቻርጅ ያደርጋል፣ ፋይል ያስተላልፋል፣ ምስል ግን አያወጣም። የምስሉ መንገድ ከሌለ ደግሞ የቱንም ያህል ውድ ገመድ ብትገዙ አይፈጥርላችሁም።

ስለዚህ ገመድ ከመግዛታችሁ በፊት የታብሌታችሁን ሞዴል ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ። ዝርዝር መግለጫው ውስጥ ዩኤስቢ የሚለው መስመር ላይ 2.0 ብቻ ከተጻፈ በዚህ ገመድ ተስፋ አታድርጉ። 3.1 ወይም 3.2 ካለ ተስፋ አለ፣ ግን ቁጥሩ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ዲስፕሌይፖርት የሚል ቃል አብሮ ካያችሁ ያኔ ግዙ። የእኛው ሳምሰንግ ነው፣ ከኤ ተከታታዮቹ አንዱ። እነዚህ በገመድ ምስል አያወጡም። ኤስ የሚባሉት ውድ ታብሌቶች፣ ከ2018 ወዲህ የወጡት፣ ያወጣሉ፤ ላይት እና ኤፍኢ የሚል የተጨመረባቸውን ግን አትቁጠሩ። አይፓድ ያላችሁ ደግሞ እድለኞች ናችሁ። ታይፕ ሲ ያለው አይፓድ ሁሉ ምስል ያወጣል፣ ላይትኒንግ ቀዳዳ ያለው የቆየው ደግሞ የራሱ አዳፕተር አለው።

ከዚህ ሁሉ የሚቀለው ግን ታብሌቱን ራሱን ይዞ ሱቅ መሄድ ነው። እዚያው ባለ ቲቪ ላይ ሰክተው ያሳዩአችሁ፣ ምስሉን በዓይናችሁ አይታችሁ ክፈሉ። የእኔን ገመድ መልሼ ብወስደው አልተቀበሉኝም። አሁንም መሳቢያ ውስጥ አለ።

አንድ ነገር እግረ መንገዴን ልበል። የጎረቤታችን ልጅ የታብሌቱን ገመድ ከቻርጀሩ ነቅሎ የቲቪው ዩኤስቢ ላይ ሰካውና «ይኸው» አለኝ። ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል። ያ ቀዳዳ ለፍላሽ ነው። ታብሌታችሁን ቻርጅ ያደርግላችኋል፣ የታብሌቱን ስክሪን ግን አያሳያችሁም።

ከዚያ በኋላ ያለ ገመድ ወደሚሠራው ዞርኩ። ሚራካስት ይባላል፣ በ2012 የወጣ ነገር ነው፣ አዲስ አይደለም። ደስ የሚለው ነገሩ ታብሌቱና ቲቪው በዋይፋይ ፊት ለፊት ነው የሚገናኙት። ራውተር አይፈልግም። ኢንተርኔትም አይፈልግም። እማ ቤት ዋይፋይ የሚባል ነገር የለም፣ ስለዚህ ለእኛ ትክክለኛው ይህ ነበር። ክሮምካስት የሚባለውን፣ ቲቪ ላይ የሚሰካ የጉግል ዕቃ፣ ሰዎች መክረውኝ ነበር፣ ግን እሱ ቤት ውስጥ የተዘረጋ ዋይፋይ ይፈልጋል። የአይፓዱ ምስል መላኪያ፣ ኤርፕሌይ የሚባለውም ሌላ ነው፤ አይፓድ ከሚራካስት ጋር አይግባባም፣ ቲቪው ወይም የምትሰኩት ዕቃ ኤርፕሌይ የሚቀበል መሆን አለበት።

ሳምሰንግ ላይ ስሙ «ስማርት ቪው» ነው፤ ከላይ ጎትታችሁ የምታወርዱት ሜኑ ውስጥ፣ ከዋይፋይና ከብሉቱዝ ጋር ታገኙታላችሁ። ሌሎቹ ላይ «ካስት» ወይም «ዋየርለስ ዲስፕሌይ» ይላል። ስማርት ቲቪ ካላችሁ ከሪሞቱ «ስክሪን ሚረሪንግ» ወይም «ስክሪን ሼር» የሚለውን ከፍታችሁ፣ ታብሌቱ ላይ የቲቪውን ስም ስትነኩ ነገሩ ያልቃል። እናንተ ብዙውን ጊዜ ምንም መግዛት የለባችሁም።

የእማ ቲቪ ስማርት ስላልሆነ ዶንግል አስፈለገን። ፍላሽ የሚያክል ዕቃ ነው፣ ኤችዲኤምአይ ላይ ይሰካና ቲቪው ሚራካስት እንዲቀበል ያደርገዋል። የሥራ ባልደረባዬ የማይጠቀምበት ነበረው፣ ኮምቦልቻ ሞክሬው ሠራ፣ ይዤው ወጣሁ። ደሴ ስሰካው ግን ምስሉ ይመጣና ይጠፋል። አንድ ደቂቃ ቆይቶ የዶንግሉ ምልክት እንደገና ከመጀመሪያው ይመጣል። ታብሌቱን ጠረጠርኩ። ቲቪውን ጠረጠርኩ። ለካ ኤሌክትሪክ አንሶት ነው! ዶንግሉ ሌላ ትንሽ ገመድ አለው፣ ኃይል የሚወስድበት፣ እሱን የሰካሁት የቲቪው ዩኤስቢ ላይ ነበር። ብዙ ቲቪዎች ላይ ያ ቀዳዳ የሚሰጠው ግማሽ አምፔር ነው፤ ለፍላሽ ይበቃል፣ ለዶንግል ያንሳል። ኮምቦልቻ የሞከርኩት በስልክ ቻርጀር ስለነበር ነው የሠራው። የድሮ ስልኬን ቻርጀር ማከፋፈያው ላይ ሰክቼ ገመዱን ወደዚያ ሳዞረው ረጋ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ተቋርጦ አያውቅም፣ መብራት ካልሄደ በቀር። መብራት ሲሄድ ደግሞ ቲቪው ይጠፋል እንጂ ጥሪው ታብሌቱ ላይ ይቀጥላል።

እማ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ይሄ ካርድ አይበላም?» የሚል ነበር። አይበላም። ጥሪው ራሱ እንደ ድሮው ዳታ ይወስዳል፣ ከታብሌቱ ወደ ቲቪ የሚሄደው ምስል ግን ከካርዳችሁ ሳንቲም አይነካም። ለማረጋገጥ ዳታውን አጥፍቼ የእህቴን ፎቶዎች ከፈትኩላት። በቲቪው ወጡ። አንድ በአንድ አየቻቸው፣ ስለ እያንዳንዱም ጠየቀችኝ። ታብሌቱ ሲም የሚወስድ መሆኑ ለጥሪው ጠቅሞናል፤ ለቲቪው ዋይፋዩን፣ ለጥሪው ሲሙን ይጠቀማል፣ አይጋፉም። በነገራችን ላይ አንዳንድ የፊልም መተግበሪያ ከፍታችሁ ድምፁ እየመጣ ምስሉ ከጠቆረ ዶንግሉን አትጣሉት። ፊልሙ እንዳይቀዳ የተደረገ መከላከያ ነው።

ከዚያ ጥሪው መጣ፣ ሌላ ችግርም አብሮ መጣ። ታብሌቱን ከእማ ጎን ፍራሹ ላይ ነበር ያስቀመጥኩት። እማ ቲቪውን ታያለች። ካሜራው ግን ታብሌቱ ላይ ነው። እህቴ የምታየው የእማን ጆሮና ጉንጭ ነው። «እማ ወዴት ነው የምታዪው? ማን አለ እዚያ?» አለች። እማ «አንቺን ነው እንጂ!» ትላለች፣ ወደ ቲቪው እንዳፈጠጠች። እንዴት እንደከፋኝ ልነግራችሁ አልችልም። እናትየው ለመጀመሪያ ጊዜ ልጇን አጥርታ እያየች፣ ልጅየው ግን እናቷ ፊቷን ያዞረችባት ነው የሚመስላት።

መላው የታብሌቱ ቦታ ነው። በእማና በቲቪው መሀል፣ በቀጥታ መስመር፣ በርጩማ አስቀመጥኩ። በርጩማው ላይ ታብሌቱን በስኳር ጣሳ አስደገፍኩት፣ ካሜራው ከቲቪው ትንሽ ዝቅ ብሎ። አሁን እማ ቲቪውን ስታይ ዓይኗ ወደ ካሜራው አካባቢ ነው የሚሄደው። ድምፅም በቀላሉ ይደርሳል፣ መጮህ የለባትም። የጥሪው ድምፅ በእኛ ታብሌት ላይ ከታብሌቱ ራሱ ነው የሚወጣው፣ ይህም በጀ። የእናንተ ከቲቪው ከወጣና ወዲያ ያለው ሰው የራሱን ድምፅ ዘግይቶ መልሶ ከሰማ የቲቪውን ድምፅ ቀንሱት፤ ማይኩ መልሶ እየለቀመው ነው።

አንድ ነገር ቀረ። እህቴ ስልኳን ቀጥ አድርጋ ነበር የያዘችው፣ ስለዚህ ቲቪው መሀል ላይ እንደ በር ቀጭን ሆና ቆመች፣ ግራና ቀኙ ጥቁር። ታብሌቱን በአግድም አድርጌው ነበር፣ የእሷ ግን ከእኔ እጅ ውጭ ነው። «ስልክሽን አግድሚው» አልኳት። አገደመችው። ስክሪኑን ሞላችው።

እማ ሲኒዋን አስቀመጠች። ለትንሽ ጊዜ ምንም አልተናገረችም። ከዚያ «ከስተሻል» አለች። እህቴ ሳቀች፣ «ካሜራው ነው እማ» አለች። እማ አልሰማቻትም፣ ዓይኗ ሌላ ቦታ ነበር። እህቴ ስልኩን ምን ላይ እንዳስደገፈችው አላውቅም፣ ሻሿን ልታስተካክል እጇን ስታነሳ ነው።

«እጅሽ ምን ሆነ?»

«የቱ?»

«ግራሽ። አንጓው ላይ። አስጠጊልኝ እስቲ።»

ዘይት ነው፣ የድሮ ነው፣ ድኗል አለች። አስጠጊ አለቻት እማ እንደገና። አስጠጋችው። ከአንጓዋ እስከ ክንዷ ግማሽ የሚሄድ ጠባሳ ነው፣ ቆዳው የተጨማደደ፣ ከሌላው ገላዋ ነጣ ያለ። እኔ በስልክ በየሳምንቱ የማያት ሰው አይቼው አላውቅም። እማ በአንድ ዓይኗ አየችው። መቼ እንደሆነ ጠየቀቻት። ሁለተኛው ዓመቷ ላይ። ማን አከመሽ? ሐኪም ቤት ወስደውኛል። ያን ወር እኮ ገንዘብ ልከሽልኛል፣ አለች እማ። እህቴ ዝም አለች። ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ፣ እኔ ወጥቼ በረንዳው ላይ ቆምኩ። ጭጋጉ የጦሳን ተራራ ሸፍኖት ነበር።

ስመለስ ስለ ሠርግ እያወሩ ነው፣ የአጎታችን ልጅ ሠርግ፣ ማን ምን እንደለበሰ። ጥሪው ከአንድ ሰዓት በላይ ሄደ።

ሪሞቱ ላይ «ሶርስ» የምትለዋን ቁልፍ በቁራጭ ፕላስተር ምልክት አድርጌባታለሁ፣ እማ በጣቷ ዳስሳ ታገኛታለች። ኤችዲኤምአይ ሁለት ላይ እስኪደርስ ሁለቴ መጫን ነው። ስማርት ቪውን ደግሞ ሜኑው መጀመሪያ ላይ አመጣሁላት። አሁን እኔ ሐረጎን ወጥቼ ሳልጨርስ ጀምረው ነው የማገኛቸው።

ባለፈው አርብ ስገባ እህቴ ስክሪኑን ሞልታ ተቀምጣለች፣ ስልኳን አግድማ፣ ክንዷን እስከ ጣቷ የሚሸፍን ልብስ ለብሳ። እማ ቡናውን እየቀዳች፣ ሳትጮህ፣ «እጅጌሽን ሰብስቢው» ትላታለች።