ጥቁር መኪና ከግራቪሊያ ሥር

መኪናዋን ከገዛሁ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ባትሪዋ ነው። "ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች? ቻርጅ የምታደርጊው የት ነው?" የነዳጅ መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ በኋላ የከተማው ወሬ ይኸው ሆኗል። ስለ ቀለሟ የጠየቀኝ የለም። እኔም ማንንም አልጠየቅኩም። ጥቁር ያምራል ብዬ ጥቁር ገዛሁ፣ አለቀ። ጥቁር እያንዳንዷን ጭረት እንደሚያጋልጥ ያወቅኩት ከገባሁበት በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ጥፋት የራሴ ነው። መኪናዋ ስትመጣ ኮፈኗ ላይ ለጉዞ የሚለጠፍ ነጭ ላስቲክ ነበረባት። መቼም እኛ አገር የአዲስ ዕቃ ላስቲክ አይላጥም። ሪሞቱም ሶፋውም ከነላስቲኩ ነው የሚያረጀው። እኔም ተውኩት። ሁለት ወር ሙሉ ፀሐይ ሲጋግረው ከረመ። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ያታልላል እንጂ ጨረሩ ከባድ ነው። በመጨረሻ ላስቲኩን ስልጠው ማስቲሹ ኮፈኑ ላይ ቀረ።

በጥፍሬ ልፍቅ ሞከርኩ። አልሆነም። ያዳነኝ የፀጉር ፎን ነው። ከአንድ ስንዝር ርቀት፣ አንድ ቦታ ሳላቆም እያዟዟርኩ ሞቅ አደረግኩት። ማስቲሹ ሲለሰልስ በአውራ ጣቴ እያንከባለልኩ አነሳሁት። የቀረውን ነጭ ጋዝ በነካ ለስላሳ ጨርቅ ቀስ ብዬ ጠረግኩ፣ ወዲያው በመኪና ሻምፖ አጠብኩ። ቤት ውስጥ ቲነር ነበር፤ እንኳን አልነካሁት። ቲነር ማስቲሹንም ቀለሙንም አይለይም።

ይህን ስጨርስ ጎበዝ የሆንኩ መሰለኝ። ከዚያ ግራቪሊያው መጣ።

ቢሮዬ ፒያሳ ነው፣ ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ። ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ ግራቪሊያ አለ፣ ሁሉም የሚሻማው የሱን ጥላ ነው። እኔ በጠዋት ስለምገባ ቦታው የኔ ሆነ። የግራቪሊያ አበባ ማር የመሰለ ፈሳሽ ያንጠባጥባል። ፈሳሹን ፍለጋ ወፍ ይመጣል። ወፍ ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም። ማታ ስወጣ ኮፈኑ ላይ የሚያጣብቅ ጠብታና የወፍ ኩስ ተራ በተራ ተሰልፈው ይጠብቁኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ስብሰባ ረፍዶብኝ፣ የደረቀ ኩስ አየሁ። ሶፍት አወጣሁና በደረቁ ፈተግኩት። ግማሹ ቀረ። ተናድጄ ከቢሮ ኩሽና የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ አመጣሁ። በአረንጓዴው ጎኑ። አዎ፣ በአረንጓዴው! ኩሱ ለቀቀ። በቦታው መዳፍ የሚያክል፣ ትንፋሽ ያረፈበት መስታወት የመሰለ ድብዝዝ ያለ ነገር ቀረ።

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ካለ ጋራዥ አንድ ሽማግሌ ቀለም ቀቢ ዘንድ ወሰድኳት። ኮፈኑን ጎንበስ ብለው አዩ፣ ቀና ብለው እኔን አዩ።

"ድስት መሰለሽ ልጄ?"

ጥፍራቸውን ጭረቱ ላይ በቀስታ ጎተት አደረጉ። "ጥፍር ከያዘ ቀለም ቤት ነው፤ ካልያዘ ፖሊሽ ያነሳዋል" አሉኝ። ከዚያ ቦታውን በውሃ አረጠቡት። ድብዝዙ ጠፋ። ውሃው ሲደርቅ ተመለሰ። ጉዳቱ ክሊሩ ላይ ብቻ ነው ማለት ነው። ክሊር ከቀለሙ በላይ ያለው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን ነው። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው፣ ከደብተር ወረቀት ይቀጥናል። ፖሊሽ ሲባል ጭረቱ የተሞላ ይመስለኝ ነበር። ለካ ዙሪያውን እየላጉ ከጭረቱ እኩል ማድረግ ነው። ስለዚህ በየወሩ ፖሊሽ የሚያስደርግ ሰው ክሊሩን በገንዘቡ እያስላጠ ነው።

ማሽኑን አላነሱም። በእጅ፣ ሽምብራ የምታክል ፖሊሽ ስፖንጅ ላይ አድርገው፣ ሳይጫኑ አሹት። ከዚያ ስፖንጁን ለኔ ሰጡኝ። "አንቺ ነሽ ያበላሸሽው።" ሃያ ደቂቃ አሸሁ። ላይ ላዩን ሰም ቀባን። የጋራዡን ዛፍ ምስል ኮፈኑ ላይ ሳይ ልቤ መለስ አለ። የሰሙን ነገር ስጠይቃቸው፣ የፋብሪካ ቀለም በምድጃ የተጋገረ ስለሆነ ወዲያው ሰም መቀባት ይቻላል፤ ጋራዥ የተቀባ ቀለም ግን ቢያንስ አንድ ወር መጠበቅ አለበት አሉኝ።

ቀና ስል በሩን እያዩ ነበር። "ይሄንንስ ማን ነው?" ፀሐይ ሲያርፍበት በሩ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት ሞልቷል።

ማን እንደሆነ አውቃለሁ። የግቢያችን ዘበኛ አባባ ናቸው። በየጠዋቱ በደረቅ ጨርቅ አቧራውን ይጠርጉልኛል። "ልጄ፣ አሳምሬልሻለሁ" ይላሉ፣ እኔም የሻይ እሰጣለሁ። ለካ እያስጫርኩ ነው የምከፍለው። የፒያሳ አቧራ በግንባታው ዘመን የተፈጨ ድንጋይና ሲሚንቶ ነው። በደረቁ መጥረግ ብርጭቆ ወረቀት እንደ መጎተት ነው። አቧራው ላይ በጣቱ "እጠቡኝ" ብሎ የጻፈልኝም አለ። መኪናዋ ከታጠበች በኋላም ፀሐይ ላይ ጽሑፉ ይነበባል።

አሁን መኪናዋን ሳጥብ ሁለት ባልዲ ነው፣ አንዱ ሻምፖ፣ አንዱ ጨርቁን ማለቅለቂያ ንጹሕ ውሃ። መጀመሪያ በጎማ ውሃ አቧራውን ማውረድ፣ ከዚያ ከጣሪያ ወደ ታች፣ ጥላ ሥር። ላቫጆ ስሄድም ሻምፖዬንና ጨርቄን ይዤ ነው። ልጁ ይስቅብኛል። "እህቴ፣ ኦሞ ምን በወጣው?" ኦሞ ቆሻሻውን ሲያወርድ ሰሙንም ይዞት ይወርዳል። ሰም ሁለት ሦስት ወር ነው የሚቆየው። ውሃ ስታፈሱበት ድብልብል ብሎ ካልተንከባለለ አልቋል።

የቀሩትን እድፎች ባጭሩ ልበላችሁ። ሬንጅ ከሆነ የምግብ ዘይት ነክሮ ትንሽ መጠበቅ፣ ከዚያ መጥረግና በሻምፖ ማጠብ። የዛፍ ሙጫ የፋርማሲ አልኮል ይፈታዋል፤ መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ላይ ሞክሩት። ውሃ ደርቆ የሚተወው ነጭ ክብ በእኩል ውሃ የቀጠነ አቼቶ ይለቃል፣ ግን ሳይደርቅ እጠቡት። ለኩስ ደግሞ እርጥብ ሶፍት አልብሶ አሥር ደቂቃ መተው፣ ከዚያ ማንሳት እንጂ መፈተግ የለም። ማደር የለበትም፤ ፀሐይ ሲመታው ክሊሩን ይበላል።

አባባን ማስረዳት ግን ከፖሊሹ ከበደኝ። "አይጥረጉልኝ" ብላቸው ቅር አላቸው። ስለዚህ የውሃ መርጫ ጠርሙስና አንድ ጥቅል ሶፍት ሰጥቼ የወፉን ጉዳይ አስረከብኳቸው፣ የሻዩም አልተቋረጠም። ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ላይ ሆኜ ስልኬ ጠራ።

"ልጄ፣ ወፏ ደግማለች። እርጥብ ሶፍት አልብሻታለሁ። አልነካሁም፣ ነይና አንሺ።"