ከኋላ ሞላ ያለው ይቅርብን

ዛሬ ከጓደኛዬ ጋር ሳይክል ስንመርጥ ዋልን። ለውድድር አይደለም። ቅዳሜና እሁድ ከለገጣፎ ወጣ እያለ ኮረኮንቹ ላይ ሊንሸራሸርበት ነው።

ዓይኑ መጀመሪያ ያረፈው ከፊትም ከኋላም ሞላ ባለው ላይ ነበር። ያምራል፣ አልክድም። ግን በርካሽ ሳይክል ላይ የኋላ ሞላ ትርፉ ክብደት ነው። ዳገት ላይ ስትረግጠው እሱ ይዘላል፣ አንተ ትደክማለህ። ለገጣፎ ደግሞ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ያልፋል፤ ትንፋሹ ድሮም በቁጠባ ነው።

እኔ ብሆን የአሉሚኒየም ፍሬም፣ ከፊት ብቻ ሞላ፣ የኬብል ዲስክ ፍሬን እመርጣለሁ። ዲስኩ ያለው ጎማው መሃል ላይ ስለሆነ፣ ክረምት ላይ ቸርኬው ጭቃ ቢለብስም ይይዛል፤ ኬብሉን ደግሞ ማንም ሰፈር ውስጥ ይቀይረዋል። "21 ማርሽ" የሚለው ጽሑፍ አያማላችሁ። ከፊት 3፣ ከኋላ 7 ማለት ነው፤ ብዙዎቹ እርስ በርስ ይቀራረባሉ። ዳገት የሚያወጣ ቀላል ማርሽ ካለው በቂ ነው።

ሌላው መታየት ያለበት የፍሬሙ ቁመት ልክ ነው። ፍሬሙን በእግሮቹ መሃል አድርጎ ሲቆም ብረቱ ነካው። ሻጩ "ሴላውን ዝቅ እናደርገዋለን" አለን። ወንድሜ፣ ሴላ ዝቅ ስላለ ፍሬሙ ያጥራል እንዴ?

በመጨረሻ ያገለገለ ወሰደ። ቸርኬውን አሽከረከርን፣ ትንሽ ይወላገዳል፤ እሱን አሳብበን ዋጋ አስቀነስን። በተረፈው ሄልሜት፣ መንፊያና ትርፍ ከመነዳሪ ገዛ።

ለገጣፎ አካባቢ የሳይክል ቸርኬ አሳምሮ የሚያቃና የምታውቁ፣ እስኪ ጠቁሙን።