ከአንድ ልቃቂት ሁለት ጫፍ

ኅዳር ላይ እኔ ያለሁባት የስዊድን ከተማ ፋሉን ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ይጨልማል። የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ስለሆነ በጨለማ ገብቼ በጨለማ እወጣለሁ። አምና በዚሁ ሰሞን ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሹራብ ከሚሠሩ ሴቶች ጋር መቀመጥ የጀመርኩት ባዶ ቤት መግባት ከብዶኝ ነው።

ሹራብ አላውቅም አልልም። ደብረ ብርሃን ተከራይቼ ስማር የቤቱ እመቤት አስተምራኝ፣ ሻርፕና የሕፃን ኮፍያ ሠርቼ እሸጥ ነበር። የመጀመሪያው ማታ ግን አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት የያዙትን ሳይ የማውቀው ሁሉ ጠፋኝ። ከአንዱ ድብልብል ክር አንዱን ጫፍ ከውስጥ፣ ሌላውን ከውጭ ስበው በሁለቱ ይሠራሉ። አንዱን ዓይን፣ ማለትም መርፌው ላይ ያለውን የክር ቀለበት፣ በአንደኛው ክር፣ ቀጣዩን በሌላኛው፤ በእያንዳንዱ ዓይን መሐል አንዱ ክር በሌላው ላይ ይሻገራል፣ ሁልጊዜም በአንድ አቅጣጫ። ስሙ ትቮኤንድስስቲክኒንግ ይባላል፣ የሁለት ጫፍ ሥራ እንደማለት ነው።

እዚህ አገር ትልቅ ትንሹ በስሙ ነው የሚጠራው፤ «አንቱ» የሚባል ነገር የለም። እኔ ግን የሰማንያ ዓመት ሴት በስም መጥራት እስከ ዛሬ አልሆነልኝም። በልቤ እማማ እላቸዋለሁ፤ እዚህም እንዲሁ ልበላቸው።

እማማ እንደነገሩኝ ይህ አሠራር ፋሉን ያለችበት ዳላርና የሚባለው አውራጃ ሰዎች የድሮ ሙያ ነው። እኛ ከምንሰበሰብበት ብዙም ሳይርቅ እስከ 1992 እ.ኤ.አ. ሲቆፈር የኖረ የመዳብ ማዕድን አለ፤ መዳቡ ሲቀልጥ የተረፈው ዝቃጭ ክምር ውስጥ በዚህ መንገድ የተሠራ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ጓንት ተገኝቷል። ክሩ ስለሚጠማዘዝ ጨርቁ ድርብ ሆኖ ይጠብቃል፣ ነፋስ አያስገባም፣ ቶሎም አያልቅም። ብዙ ስለማይለጠጥም ዳላ ፍሎዳ የሚባለው መንደር ሴቶች ላዩ ላይ በሱፍ ክር ጽጌረዳ ይጠልፉበታል። አንድ ጥንድ አይቻለሁ፤ በዓል የሚወጣበት ቀሚስ ጥለት ነው የሚመስለው።

መማሩ ግን አድካሚ ነበር። በ2 ሚሊሜትር መርፌ፣ በአምስት መርፌ ዙሪያ፣ 60 ዓይን። አንድ ማታ ሙሉ ተቀምጬ የምጨርሰው ሁለት ጣት አይሞላም። ሦስት ሳምንት ከለፋሁ በኋላ እማማ ሥራዬን ተቀበሉኝና ፊቱን ሳያዩ ገለበጡት። ውስጡ ላይ የተጠማዘዙት ክሮች በአንድ በኩል አጋድለው መስመር መሥራት አለባቸው፤ የእኔ መሐል ላይ ዞሮ ወደ ሌላ በኩል ያጋድላል። አንድ ማታ ደክሞኝ ክሩን በተቃራኒ ሳሻግር ቆይቻለሁ ማለት ነው። ከላይ ሲታይ ምንም የለውም። «ፍቺው» አሉኝ። ሁለት የተጠማዘዙ ክሮችን እየለያዩ መፍታት ከመሥራቱ ይብሳል። ዓይኔ እንባ አቅርሮ ፈታሁት፤ እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው ሌላኛውን ጫፍ ያዙልኝ።

ሁልጊዜ በአንድ በኩል ስለሚሻገር ክሩ ከድብልብሉ እስከ እጅ ድረስ እየከረረ ይሄዳል። ጥቂት ዙር በተሠራ ቁጥር መላላት አለበት። እማማ ክሩ እንዳይፈታ ድብልብሉ ላይ መርፌ ይሰኩበትና ከፍ አድርገው አየር ላይ ይለቁታል፤ እሱም ራሱ እየተሽከረከረ ይላላል።

ያን ባየሁ ጊዜ እጄ ቆመ። እንዝርት ነው። እናቴ ነች።

እናቴ ያለችው መንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ያለ መንደር ነው። በእኛ አገር የበግ ፀጉር ሴቱ ይፈትላል፣ ወንዱ ይሸምናል፤ ባናውም ዝተቱም በርኖሱም ከዚያ ነው። እናቴ እንዝርቱን ጭኗ ላይ አሽከርክራ ትለቀዋለች፣ ክሩም ይከራል። እሷ ለማክረር፣ እማማ ለማላላት፤ እጁ ግን አንድ ነው፣ አለቃቀቁም፣ ዓይናቸው ክሩን የሚከተልበትም። ልጅ ሆኜ «ትንሽ ይዘሽልኝ ሞክሪው» ስትለኝ ደብተሬን ይዤ እወጣ ነበር። የበግ ፀጉር ሽታ ልብሴ ላይ እንዳይቀር እፈራ ነበር፤ ትምህርት ቤት ይስቁብኛል ብዬ። እሷ በዚያ ክር ነው ደብተሩን የገዛችው። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፣ ዛሬ ልጻፈው።

የመጀመሪያው ጓንት ሲያልቅ በእህቴ ስልክ ምስሏን እያየሁ አሳየኋት።

«ገልብጠሽ አሳዪኝ» አለች። እሷም እንደ እማማ ፊቱን አላየችም። ገለበጥኩት። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ዝም አለች።

«ክሩን ማን ፈተለው?»

«ማሽን ነው እማዬ።»

«ደህና አክርሮታል» አለች፤ ቀጥላም ጣቶቹ መሐል ያለውን ስፌት እንዳቀርብላት ጠየቀችኝ። ግማሽ ሰዓት አወራን። እናቴና እኔ ስለ አንድ ነገር ግማሽ ሰዓት አውርተን አናውቅም፤ ሁልጊዜ ደህና ነሽ፣ በላሽ፣ በረደሽ ወይ፣ እሱ ነው የነበረው።

ጥንዱ ላንቺ ነው አልኳት። መንዝ የጥቅምት ጠዋት ውርጭ እንዴት እንደሚያደርግ አውቃለሁ።

«ልጄ፣ ጣቴ ተሸፍኖ በምን እፈትላለሁ?»

እውነቷን ነው። ለሚቀጥለው ማክሰኞ እማማን የምጠይቀው ተገኘ፤ ከመዳፍ በላይ ያሉትን ዓይኖች ጨርቁ ሳይላላ እንዴት እንደሚዘጉ፣ አውራ ጣቱም እስከ መገጣጠሚያው ብቻ እንዴት እንደሚቀር። ግራጫ ክር ገዝቻለሁ። 48 ዓይን ይበቃታል መሰለኝ፤ የእጇን ዙሪያ እህቴ በክር ለክታ ትነግረኛለች።