ዝናብ በመታው መከር የምስጋናውን እሑድ እንዴት እንዳዘጋጀን

በእኛ አጥቢያ የመከር ምስጋና የሚከበረው ስንዴው ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ በጥር ወር ነው። የምንኖረው ከሆሳዕና ከተማ ወጣ ባለ ደጋ ላይ ነው፤ ሐምሌ ላይ የዘራነውን ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ እናጭዳለን። በምስጋናው እሑድ እያንዳንዱ ቤተሰብ በኩራቱን ለይቶ ወደ ጸሎት ቤት ያመጣል፦ ስንዴ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ድንች፣ ቆጮ፣ ማር፣ አንዳንዴም በግ። ሕፃናት ሳይቀሩ በትንንሽ ሰፌድ እህል ይዘው ይሰለፋሉ። ከአምልኮው በኋላ የመጣው ሁሉ በጨረታ ይሸጥና ገንዘቡ ለአገልግሎት ይውላል።

ዝግጅቱን የማስተባበር ኃላፊነት በተሰጠኝ ዓመት ግን በአጨዳው ወቅት ዝናቡ አላባራ አለ። ታጭዶ በየማሳው የተኛው ነዶ ራሰ፤ የተከመረውም ውኃ ጠጣ። ስንዴ እንዲህ ሲሆን ገና በዛላው ላይ እንዳለ ይበቅላል። ፍሬው ይጠቁራል፣ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ዱቄቱ ሲቦካ ዳቦው አይነሳም፤ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ አንድ ጊዜ የበቀለ ፍሬ ለቀጣዩ ዓመት ዘር አለመሆኑ ነው። ቀደም ብሎ የደረሰላቸው ጥቂቶች ደህና ምርት አስገቡ፤ የብዙዎቹ ክምር ግን ሲፈርስ የሻጋታ ሽታ ነበረው። እንግዲህ ጎተራው የሞላለትና ጎተራው ባዶ የቀረበት በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው እግዚአብሔርን አብረው ሊያመሰግኑ ነው።

ከሽማግሌዎቻችን አንዳንዶቹ በዓሉ ለዚያ ዓመት ይቅር አሉ። ሐሳባቸው ከርኅራኄ የመጣ ነበር፤ የተጎዳውን ሰው ላለማሳፈር ነው። እኔ ደግሞ ምስጋናችን ምርት በሞላ ጊዜ ብቻ የሚቀርብ ከሆነ ስናከብር የኖርነው ጎተራውን እንጂ ጌታን አይደለም ብዬ ተከራከርሁ። ብዙ ተነጋግረንና ጸልየን በዓሉ እንዲደረግ፣ አደራረጉ ግን እንዲለወጥ ተስማማን።

መርሐ ግብር ከመጻፌ በፊት ከወንጌላዊያችንና በሴቶች አገልግሎት ከምታገለግል አንዲት እናት ጋር ቤት ለቤት መዞር ጀመርን። የሄድነው ለመስበክ አልነበረም፤ ማሳውንና ክምሩን ለማየት፣ ሰው የሚለውን ለመስማት ነበር። አንድ ዕድሜያቸው የገፋ አባት አውድማቸው ዳር ቆመው፣ «ልጄ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በዚያ ቀን ባዶ እጄን ሄጄ አላውቅም። ዘንድሮ ምን ይዤ በጌታ ፊት ልቁም?» አሉኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ ብቻ ይምጡ፤ ያዘኑበትንም ይዘው ይምጡ» አልኋቸው። ዝም ብለው ቆይተው፣ «ኀዘንም ይቀርባል እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ይህ ጥያቄ የበዓሉን ሁለመና ወሰነልኝ።

በየቤቱ ከሰማሁት ውስጥ በጣም ያስቆጣኝ አንድ አባባል ነበር፦ «እምነት ያለው ሰው እህል አይበላሽም።» ጎረቤት ለጎረቤት፣ አንዳንዴም ዘመድ ለዘመድ የተናገረው ነው። ከከሰረ ሰው ትከሻ ላይ የኃጢአት ክስ መጫን እንዴት ያለ ጭካኔ ነው! ጌታችን ራሱ አባቱ ዝናብን በጻድቃንም በኃጢአተኞችም ላይ እንደሚያዘንብ ተናግሯል፤ ያ የአጨዳ ዝናብም ሌሊቱን በጸሎት ያደረችውን እናት ማሳ ዘልሎ አላለፈም። በእግዚአብሔር መታመን ማለት ጉዳት አይደርስብኝም ማለት እንዳልሆነ ከመድረክ በግልጽ እንዲነገር ጠየቅሁ፤ ወንጌላዊያችንም ያለ ማመንታት ተናገሩት። በዚያ ቀን ከተሰበከው ሁሉ ሕዝቡን ያሳረፈው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለንባብ የመረጥነው ዘዳግም ምዕራፍ 26ን ነው። በኩራትን ስለማቅረብ የሚናገር ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል፤ እኔ ግን በዚያ ሰሞን ደጋግሜ ሳነበው አንድ ነገር ጎልቶ ታየኝ። እስራኤላዊው ገበሬ ቅርጫቱን ካቀረበ በኋላ እንዲናገር የታዘዘው ስለ ምርቱ ብዛት አይደለም። አባቱ ተንከራታች እንደነበረ፣ በቁጥር ጥቂት ሆኖ ወደ ግብፅ እንደ ወረደ፣ ግብፃውያን እንዳስጨነቋቸው፣ ወደ እግዚአብሔር እንደ ጮኹና እርሱም እንደ ሰማቸው ይናገራል። ከዚያ በኋላ ነው «አሁንም የምድሪቱን ፍሬ አመጣሁ» የሚለው። ምስጋናው መከራውን አልደበቀም፤ በመከራው ውስጥ አልፎ ነው የመጣው። ወረድ ብሎ ደግሞ ሌዋዊው፣ መጻተኛው፣ ድሀ አደጉና መበለቲቱ በልተው ይጠግቡ ዘንድ ታዝዟል። የዚያን ዓመት በዓል በእነዚህ በሁለቱ ላይ አቆምነው፦ የደረሰብንን ሳንደብቅ በመናገር፣ ያለውን ደግሞ ለሌለው በማካፈል።

ቀደም ባሉት ዓመታት አምጪው ሲያልፍ ስሙና የስጦታው መጠን በድምፅ ማጉያ ይነገር ነበር። ያንን አስቀረነው። እህሉ በየዓይነቱ በተዘጋጀ ከረጢት ውስጥ እንዲገለበጥ አደረግን፤ ኩንታል ያመጣውና ጣሳ ያመጣው እህል አንድ ላይ ተቀላቀለ፤ ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳመጣ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ደህና ምርት ካስገቡት መካከል ይህን ያልወደዱ ነበሩ። ቀስ ብለን አስረዳናቸው፤ ተቀበሉን። የተበላሸ ስንዴ ይዞ የሚመጣም ሰው እንደሚኖር ገምተን ነበር፤ መጣም። በእንባ የቀረበን ስጦታ አይሆንም ብሎ መመለስ አይቻልም፤ እርጥብ እህል ከደረቁ ጋር ቢቀላቀል ደግሞ ሁሉንም ያሻግታል። ስለዚህ በክብር ተቀብለን፣ ጸልየንበት፣ ከአምልኮው በኋላ ለብቻው በሸራ ላይ አሰጣነው። ያልሻገተውን ለቅመን ለምግብ ለየን፤ የሻገተው ለሰውም ለከብትም ስለማይበጅ ተጣለ።

ምስክርነት እንዲሰጡ አስቀድመን የጠየቅነው የከሰሩትን ነው፤ ያውም ፈቃደኛ የሆኑትን ብቻ። «በሁሉ አመስግኑ» ብለን አፋቸውን አልዘጋንም። አንዲት ባል የሞተባት እናት ቆጮ ይዛ ወጣች። የስንዴ ማሳዋ እንዳለ እንደ ጠፋ ተናገረች። ቀጥላም ልጆቿ እየበሉ ያሉት ባለቤቷ በሕይወት ሳለ የተከለውን እንሰት መሆኑን፣ እርሱ ሲተክል ለዚህ ቀን መሆኑን እንዳላወቀ፣ እግዚአብሔር ግን ያውቅ እንደነበረ ተናገረች። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይወስዳል፤ በአንድ ወር ዝናብም አይጠፋም፤ እኛ ደጋ ያለን ሰዎች የስንዴ ገንዘብ ካየን ወዲህ የጓሮውን እንሰት ማቃለል ጀምረን ነበር። የእርሷ ንግግር ሁላችንም የቀደሙ ሰዎች የተከሉልንን እንድንቆጥር አደረገን። ከእርሷ በኋላ እኚያ አባት ራሳቸው ተነሡ። ባዶ እጃቸውን ዘርግተው ስለ ጠፋው እህል በአምላክ ፊት አለቀሱ፤ ከዚያም አመሰገኑ። ጉባኤው አብሮአቸው አለቀሰ፤ መዝሙሩም የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ያን ዕለት የተዘመረውን ያህል ከልብ የተዘመረ ነገር በዚያ ቤት ሰምቼ አላውቅም።

ጨረታውንም በዚያ ዓመት አላደረግነውም። ከመከር በኋላ የእህል ዋጋ ይወርዳል፤ ክረምት ሲገባ ይወጣል። በጥር በርካሽ የሸጥነውን እህል የራሳችን ምእመናን በሐምሌና በነሐሴ በውድ ሊገዙት ነው ማለት ነው። ስለዚህ ከጸሎት ቤቱ ጎን ያለውን ክፍል አጽድተን ጎተራ አደረግነው። ሥራው ዝርዝር ነው፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ስለሆነ ልዘርዝረው።

ስንዴ ከመከማቸቱ በፊት እርጥበቱ ከ13 በመቶ በታች ቢሆን ይመረጣል። መለኪያ መሣሪያ በሌለበት አባቶቻችን በጥርስ ይሞክሩታል፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፣ ከተጨፈለቀ እንደገና ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ለነቀዝ አየር የማያስገባውን ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ተጠቀምን፤ በጥብቅ ከታሰረ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፤ መድኃኒት መርጨት አያስፈልግም። ከረጢቶቹን በቀጥታ መሬት ላይ ሳይሆን በእንጨት ርብራብ ላይ ደረደርናቸው። በሩ ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ በዲያቆናቱ ዘንድ፣ ሌላው በሴቶች አገልግሎት ዘንድ ይቀመጣል። የገባውም የወጣውም በመዝገብ ይጻፋል፤ መዝገቡም በየወሩ ለጉባኤው ይነበባል። መተማመን አለ ብሎ ሒሳብን መተው ለመተማመን ራሱ ጠንቅ ነው።

ዘር ደግሞ ለብቻው ነው። ከየከረጢቱ 100 ፍሬ ቆጥረን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን አቆየን፤ ከሳምንት በኋላ 85 እና ከዚያ በላይ የበቀለለትን ለዘር፣ የቀረውን ለምግብ መደብን። ለአንድ ሄክታር ከ125 እስከ 150 ኪሎ ዘር ስለሚያስፈልግ ለሁሉም እንደማይበቃ ግልጽ ነበር። ቅድሚያ ለመበለቶችና ሌላ ገቢ ለሌላቸው ሰጠን፤ የወሰዱት በመከር ያንኑ ያህል እንዲመልሱ፣ ወለድ ግን እንዳይኖረው ወሰንን። የምግቡን እህል በክረምት ያከፋፈልነው በመንደሩ እድር በኩል ነው። እድሩ ውስጥ ኦርቶዶክስና ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም አሉ፤ ችግረኛውን ከእኛ ይልቅ ጠንቅቆ የሚያውቀውም እድሩ ነው። «የቤተ ክርስቲያን እህል ለምን ወደ ውጭ ይወጣል?» ያሉ ነበሩ። ዘዳግም መጻተኛውንም እንደሚጠራ አስታወስናቸው፤ ዝናቡም ሃይማኖት አልለየም።

በደቡብ አፍሪካ የሚኖሩ የአጥቢያችን ልጆች ብዙዎች ናቸው። የደረሰውን ሲሰሙ ገንዘብ ላኩ። በገንዘቡ ነዶና ክምር የሚሸፈንበት ትልልቅ ሸራ ገዝተን በየሰፈሩ አከፋፈልን፤ ሰማዩ ሲከብድ በደቦ ወጥቶ የማን ማሳ እንደሚቀድም የሚወስኑ ሰዎችም በየሰፈሩ ተመረጡ። በዚህ ጊዜ አንድ ወንድም፣ በእግዚአብሔር ከታመንን ሸራ ለምን አስፈለገ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። እኔ እንዲህ አምናለሁ፦ ገበሬ ሲያርስም፣ ሲዘራም፣ ሲያርምም ታምኖ ነው፤ ክምሩን ሲሸፍንም ታምኖ ነው። የምንታመነው እጃችንን አጣጥፈን ስንቀመጥ ሳይሆን የምንችለውን ሠርተን የማንችለውን ለእርሱ ስንተው ነው።

በቀጣዩ ዓመት ምርቱ ደህና ሆነ፤ ከዘር ተበዳሪዎቹ አብዛኞቹ መለሱ፣ ላልቻሉት አንድ ዓመት ተጨመረላቸው። ምርቱ ስለ ተሻሻለ ጨረታው ይመለስ የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር፤ ጉባኤው ግን ጎተራው እንዲቀጥል መረጠ። የስም ጥሪውም እንደ ቀረ ቀረ። ምስክርነት አሁንም የሚጀምረው ዓመቱ ከከበደባቸው ሰዎች ነው፤ ምርት በሞላበት ዓመትም የታመመ፣ የሞተበት፣ ከብቱ ያለቀበት ሰው አይጠፋምና። ይህን ማድረግ ለሚፈልጉ አጥቢያዎች የምነግራቸው የቤት ለቤት ጉብኝቱን እንዳያስቀሩ ነው፤ ከበዓሉ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ ሰዎች አውድማቸው ላይ እያሉ ቢጀመር መልካም ነው። በዚያ የሚሰማው ነገር ንባቡንም፣ ስብከቱንም፣ የእህሉንም አከፋፈል ይወስናል።