የተኛ ዘርና የሞተ ዘር

ጎንደር ውስጥ የዘር ጥራት በሚመረመርበት ክፍል ስሠራ ነው። ኅዳር ላይ፣ አጨዳው ገና ሳያልቅ፣ ከደምቢያ አንድ የሩዝ ናሙና መጣልን። ንጹሕ፣ ደረቅ፣ ጥርስ ላይ ቀጭ የሚል ዘር። እንደ ደንቡ 400 ፍሬ ቆጥረን በአራት ከፍለን እርጥብ ወረቀት ላይ ዘረጋነው። ለሩዝ የመጀመሪያው ቆጠራ በ5ኛው፣ የመጨረሻው በ14ኛው ቀን ነው። በ14ኛው ቀን ሩቡ እንኳ አልበቀለም።

አለቃችን ውጤቱን አይተው «ይሄማ ለዘር አይሆንም፤ መፈልፈያ ቤት ይሂድ» አሉ። የዘሩ ባለቤት፣ አንድ አባት፣ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «ልጄ፣ አሁን ያጨድኩት እንዴት ብሎ ይሞታል?» አሉኝ።

ወረቀቱን መልሼ ገለጥኩና ያልበቀሉትን አንድ በአንድ በመቆንጠጫ ተጫንኳቸው። የሞተ ፍሬ ይህን ያህል ቀን እርጥበት ላይ ሲቆይ ይላሽቃል፣ ይሻግታል፣ ሲነኩት ይፈርጣል። እነዚህ ግን ውሃ ጠጥተው፣ ሻጋታ ሳይነካቸው፣ ጠንክረው ተቀምጠዋል። «ጋሼ፣ ይሄ ዘር ተኝቷል እንጂ አልሞተም። ውሳኔውን ያቆዩልኝ» አልኳቸው አለቃችንን። ቅር እያላቸው እሺ አሉ።

ከዚያው ጆንያ ሌላ ናሙና ወስጄ በ50 ዲግሪ ማድረቂያ ውስጥ ለቀናት አቆየሁት። አዲስ የታጨደ ሩዝ የሚቀሰቀሰው እንዲህ ነው። እንደገና ሲዘራ ወረቀቱ አረንጓዴ ለበሰ።

እንቅልፉ በዘረ መል የተጻፈ ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች በ2010 እ.ኤ.አ. ኤስዲአር4 የተባለውን ዘረ መል ከሩዝ 7ኛ ክሮሞሶም ለይተው አውጥተዋል፤ ካሳላዝ የተባለው ዝርያ የያዘው ዓይነት ኒፖንባሬ ከያዘው ይልቅ ዘሩን አጥብቆ ያስተኛል። እንቅልፉ ጨርሶ ባይኖር፣ አጨዳ ላይ ያለ ወቅቱ በሚጥል ዝናብ ሩዙ ዛላው ላይ እንዳለ ይበቅላል። ኅዳር ላይ ሰማይ ሰማይ የሚያይ ገበሬ ለዚህ ጉዳት ነጋሪ አያሻውም።

አለቃችንን ያሳሳታቸው ከዚያ በፊት በተደጋጋሚ ያዩት ሌላ ነገር ይመስለኛል፦ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የከረመ ዘር። እሱ በእርግጥ ይሞታል። በፍሬው ያለው ቅባት እየተበላሸ ሽሉን ይጎዳዋል፤ እዚህም ላይ ዘረ መል እጁ አለበት። ሎክስ3 የተባለው ዘረ መል የሚሠራው ኢንዛይም ቅባቱን ያበላሻል፤ ሥራው ሲቀነስ ዘሩ ረዘም ላለ ጊዜ የመብቀል አቅሙን ይይዛል። እኛ ጋ ግን ዝርያ እስኪሻሻል መጠበቅ አያስፈልግም፤ በተለመደው የጎተራ ስሌት የዘሩ እርጥበት በ1 በመቶ ሲቀንስ ዕድሜው እጥፍ ገደማ ይሆናል። ማድረቅ ብቻውን ብዙ ጆንያ ያድናል።

የደምቢያው ዘር ለዘርነት የሚያበቃውን ማኅተም አገኘ። የናሙና ቅጻችን ግን የአጨዳ ቀን የሚሞላበት ቦታ እስካሁን የለውም። ባለ ዘሩን ጠይቄ ጠርዙ ላይ በእጄ እጽፈዋለሁ፤ በሚቀጥለው ኅትመት እንዲገባም በደብዳቤ ጠይቄያለሁ።