ልቦለዱን በባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ውስጥ መቅረጽ

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ፣ አማርኛ ፊልም ለመሥራት የሚያስፈልገው ሰው ሁሉ አለ። አገር ቤት መድረክ ላይ የቆመ ተዋናይ ታክሲ ይነዳል፤ የካሜራ ባለሙያው ሠርግ ይቀርጻል፤ የድምፅ ሰው እሑድ እሑድ የቤተ ክርስቲያን ማይክ ያስተካክላል። የጠፋው ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ በራስ አቅም የሚሠራ የቤተሰብ ድራማ የሚቀረጸው ከፈረቃ በተረፈ ቅዳሜና እሑድ፣ በሰው አፓርታማ ውስጥ ነው። ልቦለድ ይዛችሁ ስትነሡ ይህን እንደ ጉድለት አትዩት። ታሪኩን ገና ከስክሪፕቱ ጀምሮ በዚህ ኑሮ ልክ መቁረጥ ይቻላል፤ ያልተቆረጠው ግን መሐል ላይ ይቆማል።

መጀመሪያ ወረቀቱ። «ደራሲውን አውቀዋለሁ፣ በስልክ ፈቅዶልኛል» የሚባለው የትም አያደርስም። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት መብቱ ደራሲው በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። በአሜሪካ ከ1978 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለተጻፈ ሥራ ደግሞ ከሞት በኋላ 70 ዓመት ነው። መጽሐፍን ወደ ፊልም መለወጥ ራሱን የቻለ መብት በመሆኑ በጽሑፍ ውል ይወሰዳል።

አቅም ለሌለው ሰው የሚሻለው መንገድ ኦፕሽን የሚባለው ነው። መብቱን ዛሬውኑ አትገዙትም፤ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ለሌላ እንዳይሰጥ ታስይዙታላችሁ። የማስያዣው ክፍያ በልማድ ከመግዣው ዋጋ 10 በመቶ ገደማ ሲሆን ዋናው ዋጋ ቀረጻ ሲጀመር ይከፈላል። ውሉ ላይ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። «እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017» ብቻ የሚል ውል ያየ አሜሪካዊ ጠበቃ ጊዜው ከእውነተኛው ስምንት ዓመት ቀድሞ የሚያበቃ ይመስለዋል። የሚለወጠውንም በዝርዝር አስፍሩ፦ ሁለት ገጸ ባሕርያትን አንድ ማድረግ፣ መጨረሻውን መቀየር፣ ጎንደር ያለውን ቤት ሜሪላንድ ማምጣት። ደራሲው ሥራው ክብሩን በሚነካ መልኩ ሲዛባ የመቃወም መብት ስላለው፣ ይህ ዝርዝር በኋላ ከሚመጣ ቅያሜ ሁለታችሁንም ያድናል።

ደራሲው ካረፈ ነገሩ ይወሳሰባል። ወራሾቹ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ዳላስ፣ አንዱ ስቶክሆልም ሊሆኑ ይችላሉ፤ የታላቅየው ፊርማ ብቻውን ሌሎቹን አያስርም። ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ይጠየቃል። ውጭ ያሉት አንዱን ሊወክሉ ከፈለጉ ውክልናው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ይረጋገጣል፤ ከዚያ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎ የሰነዶች ማረጋገጫ ዘንድ ይደርሳል። ለዚህ ሳምንታት ሳይሆን ወራት መድቡ። አሳታሚውንም አትርሱ። አንዳንዱ የያዘው የማሳተም መብት ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ሁሉንም ጠቅልሎ ገዝቷል። የሚታወቀው የድሮውን ውል በማየት ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ከሆነና ከትርጉሙ ዐረፍተ ነገር የምትወስዱ ከሆነ የተርጓሚው መብት ሌላ ነው። እነዚህ ወረቀቶች ከደራሲው እስከ እናንተ ሳይበጠሱ መያያዛቸው ካልታየ ፊልሙን ከመብት ክስ የሚጠብቅ ኢንሹራንስ አይገኝም፤ ያለዚያ ኢንሹራንስ ደግሞ አከፋፋይ ፊልሙን አይቀበልም።

ወደ ስክሪፕቱ ስንመጣ የአማርኛ ልቦለድ ትልቁ ፈተና ተራኪው ነው። «አባትየው ቂሙን ለ20 ዓመት በሆዱ ይዞ ኖረ» የሚል ዐረፍተ ነገር ሊቀረጽ አይችልም። ብዙ ሰው በተራኪ ድምፅ ያልፈዋል፤ እንደ እኔ ግምት ይህ ልቦለዱን ማንበብ እንጂ ፊልም መሥራት አይደለም። ቂሙ ማዕድ ላይ ይታይ፦ ሁሉም ከአንድ ትሪ ሲበላ አባት ለብቻው ሳህን ይጠይቅ፤ ልጁ ያጎረሰውን ተቀብሎ ሳይውጥ በእጁ ይያዘው። የቡና ሥርዓትም እንዲሁ ያግዛል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ማለት ሦስት ደረጃ ያለው ትዕይንት ተዘጋጅቶ ተቀመጠ ማለት ነው፤ በአቦል ወሬ፣ በቶና ነገር፣ በረካው ሳይጠጣ የሚነሣ ሰው። ልቦለዱ አሥር ገጽ የፈጀበት ጠብ በዚህ አራት ደቂቃ ይበቃዋል።

አንድ የስክሪፕት ገጽ አንድ ደቂቃ ነው የሚባለው ሒሳብ ለእንግሊዝኛና ኩሪየር ለሚባለው የስክሪፕት መጻፊያ ፊደል የወጣ ነው። ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ስለሚይዝ በትንሽ ቦታ ብዙ ንግግር ይሰፍራል፤ 90 ገጽ ያላችሁት ስክሪፕት ሁለት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ከቀረጻ በፊት ተዋንያኑን አስቀምጣችሁ ጮክ ብለው ሲያነቡ በሰዓት ለኩ።

እዚህ የተወለዱት ወጣት ተዋንያን አማርኛ እየሰሙና እየተናገሩ ፊደል ላይቆጥሩ ይችላሉ። ለእነሱ በላቲን የተጻፈ ቅጂ አዘጋጁ፤ ሲዘጋጅ ግን የሚጠብቀውን ድምፅ ደርቡበት። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ «ገና» በዓሉም «ገና ነው»ም አንድ ዓይነት ተጽፎ ይነበባል። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ደግሞ መኖር ነው። ላቲኑ ይህን ካላሳየ ልጁ እናቱን «አባዬ ቤት አለ» ሊል ፈልጎ ሌላ ነገር ይወጣዋል፤ ስሕተቱ ደግሞ አርትዖት ላይ እንጂ ቀረጻ ላይ አይሰማም።

ስለ አንተና ስለ እርስዎ ጠንከር ብዬ ልናገር። በስደት ቤተሰብ ውስጥ ዋናው ድራማ ብዙ ጊዜ ያለው እዚያ ነው። አያት «እርስዎ» ይባላሉ፤ አሜሪካ ያደገ ልጅ ደግሞ ሳያውቅ «አንተ» ይላቸዋል፤ ሽማግሌው ይደነግጣሉ፣ እናት ታፍራለች። በኋላ ልጁ «እርስዎ» ያለ ቀን ታሪኩ ዞሯል ማለት ነው። ችግሩ እንግሊዝኛ ለሁሉም አንድ ቃል ብቻ ስላለው ትርጉም ጽሑፉ ላይ ይህ ሁሉ ይጠፋል። መፍትሔው ከትርጉም በፊት ነው፦ በዚያ ቅጽበት ካሜራው የሰሚው ፊት ላይ ይሁን፤ ሌላ ገጸ ባሕርይም «እንዴት አንተ ትላቸዋለህ?» ብላ ትቆጣ። ያኔ አማርኛ የማይሰማውም ተመልካች አንድ ወሰን እንደታለፈ ያውቃል።

ቀን በቀን አምስት ገጽ ከተቀረጸ 90 ገጽ 18 ቀን ይፈጃል፤ ይህም ዘጠኝ ቅዳሜና እሑድ ነው። በዘጠኝ ሳምንት ውስጥ የሜሪላንድ ዛፍ ከአበባ ወደ ሙሉ ቅጠል ይሄዳል። የውጭ ትዕይንቶችን በሁለት ተከታታይ ሳምንት ጨርሱ፤ መስኮት የሚታይበትንም ከእነሱ ጋር አስጠጉ። ሹሩባ ሌላው ነገር ነው። የተሠራችበትን ቀን፣ የመስመሩን ብዛትና አቅጣጫ ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንሡ፤ ሠሪዋም አትለወጥ። በታሪኩ አንድ ምሽት የሆነው ትዕይንት በሁለት ሳምንት ከተከፈለ ፀጉሩ ያጋልጣችኋል።

የጥሪ ወረቀቱ ላይ ሰዓት ስትጽፉ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» ሳይባል አይለፍ። «2 ሰዓት» የሚለውን አንጋፋው ተዋናይ ከጠዋቱ ይረዱታል፤ ወጣቱ ከምሳ በኋላ ይመጣል። ጾሙንም እዩ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ስለሆነ ዶሮ ወጥ የሚበላበትን ትዕይንት በዚያ ውስጥ ማድረግ የሚጾም ተዋናይን ማስጨነቅ ነው። ሙስሊም ተዋንያን ካሉ ሥጋው የማን እርድ እንደሆነ አስቀድሞ ይነገራቸው፤ በረመዳን ደግሞ የማዕድ ትዕይንት ከማግሪብ በኋላ ይሁን። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ በነፃ ወይም በጥቂት ገንዘብ የሚሠራላችሁን ሰው ማክበሪያው ይህ ነው።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። ቡና መቁላትና ዕጣን ማጨስ የአፓርታማውን የጭስ ማስጠንቀቂያ ያስጮኸዋል፤ በአንዳንድ ሕንፃ ደግሞ እሳት አደጋ መኪና እስኪመጣ ነዋሪው ሁሉ ይወጣል። መሣሪያውን በላስቲክ መሸፈን አደገኛም ክልክልም ነው። ቡናው ሲቆላ የሚያሳየውን ቅርብ ምስል ከቤት ውጭ ግቢ ውስጥ ለብቻው ቅረጹት፤ ቤት ውስጥ አስቀድሞ የተቆላውን ፍሬ በቀዝቃዛ መቁያ ማንኳኳት ይበቃል፤ ድምፁ ያው ነው። እንጀራ መብራት ሥር ጠርዙ ቶሎ ይደርቅና ይነሣል። ትዕይንቱ ስንት ጊዜ እንደሚቀረጽ ቁጠሩ፦ ከሦስት ማዕዘን፣ በእያንዳንዱ አራት ጊዜ ከሆነ 12 ጊዜ ነው። ለእያንዳንዱ ከላይ የሚታየው እንጀራ አዲስ ይሁን፤ ከሥሩ ያለው ሊቆይ ይችላል። እንቁላሉንም ቁጠሩ፤ ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው የበዛ እንቁላል ሰው ያያል።

የተለመደው የአሜሪካ ሶኬት መስመር 15 አምፒር በ120 ቮልት፣ ማለትም 1,800 ዋት ነው፤ ለረጅም ጊዜ ሲሠራ ከ1,440 ዋት ባታሳልፉት ይመረጣል። የኤሌክትሪክ ምጣድና የቀረጻ መብራት በአንድ መስመር ከተሰኩ ብሬከሩ ይወርዳል። ፍሪጁን በቀረጻ ጊዜ አጥፉት፤ ኡኡታው ከንግግር ሥር ገብቶ በኋላ አይወጣም። ያጠፋው ሰው የመኪናውን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ ያስቀምጥ፤ ሳያበራው ወደ ቤቱ አይሄድም። ከእያንዳንዱ ክፍል ሳትወጡ አንድ ደቂቃ ሙሉ ጸጥ ብላችሁ የክፍሉን ድምፅ ቅረጹ፤ አርትዖት ላይ ክፍተት የሚሞላው እሱ ነው።

ታሪኩ አዲስ አበባም የሚቀረጽ ክፍል ካለው መብራቱ ይለያል። እዚያ ኤሌክትሪኩ 50 ኸርዝ፣ እዚህ 60 ነው። በሰከንድ 24 ፍሬም ስትቀርጹ የካሜራውን የመዝጊያ ፍጥነት (ሹተር) አዲስ አበባ ላይ 1/50፣ አሜሪካ ላይ 1/60 ሰከንድ አድርጉት፤ አለበለዚያ ፍሎረሰንትና ርካሽ ኤልኢዲ ምስሉ ላይ ይርገበገባል። መርገብገቡ በካሜራው ትንሽ ስክሪን ላይ ሳይታይ ሲኒማ ቤት ይወጣል።

የከተማ ፈቃድ ይዞ ዱፖንት ሰርክል ወይም ማልኮም ኤክስ ፓርክ ላይ መቅረጽ አይበቃም፤ ሁለቱም የፌዴራል መሬት በመሆናቸው የብሔራዊ ፓርክ አገልግሎትን ደንብ ይከተላሉ። በጎብኝ ቪዛ የመጣ ተዋናይ ተከፍሎት መሥራት አይችልም፤ «ለትውውቅ ነው» ማለት ደግሞ አደጋው እሱ ላይ እንዲወድቅ ማድረግ ነው። ሳግ አፍትራ የሚባለው የአሜሪካ ተዋንያን ማኅበር አባል የሆነ ተዋናይ ካለ ማኅበሩ ከ20,000 ዶላር በታች ለሆነ በጀት የተለየ ቀላል ውል አለው፤ ከቀረጻ በፊት ተመዝገቡ። መኪና ውስጥ ከሬዲዮ የሚሰማ ዘፈን የግጥሙ፣ የዜማውና የቅጂው ባለቤት ሁሉ ፈቃድ ይፈልጋል። በቀረጻ ጊዜ ሬዲዮው ይጠፋ፤ ዘፈኑ በኋላ ይግባ።

ለማሳየት አዳራሽ መከራየት የውርደት መንገድ አይደለም። ጎንደር ተወልዶ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ኃይሌ ገሪማ በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣውን ሳንኮፋን አከፋፋይ ሲያጣ ዋሽንግተን ላይ ራሱ ሲኒማ ተከራይቶ አሳይቷል፤ ከዚያም በሌሎች ከተሞች ቀጠለ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ኤኤፍአይ ሲልቨር የተባለው ሲኒማ ቤትም የአፍሪካ ፊልሞች ፌስቲቫል ያዘጋጃል።

ሲኒማው የሚጠይቃችሁ ዲሲፒ የሚባለውን፣ በሲኒማ ማሽን የሚታየውን ዲጂታል ቅጂ ነው። በሱ ውስጥ የሚገባ አማርኛ ጽሑፍ፣ ርእሱም የስም ዝርዝሩም፣ ምስሉ ላይ ታትሞ ይሂድ፤ ለብቻው ፋይል ሆኖ ከሄደና ማሽኑ የግዕዝ ፊደል ከሌለው በፊደሉ ቦታ ባዶ ሣጥን ይወጣል። የእንግሊዝኛ ትርጉሙ ከሁለት መስመር፣ እያንዳንዱም ከ42 ፊደል አይብለጥ። ከመክፈቻው ጥቂት ቀን በፊት ሲኒማው ባዶ በሚሆንበት ጠዋት የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ አስሞክሩ፤ መነጽር የሚያደርጉ አንድ እናት ይዛችሁ ሂዱና ከመጨረሻው ረድፍ አስቀምጣችሁ ጮክ ብለው ያንብቡላችሁ።