የኤችዲኤል መቀነት ከውሃ ጎማ

ኮሌስትሮል ተሸክመው በደም ከሚዞሩት ቅንጣቶች ትንሹ ኤችዲኤል ነው። ከውሃ ጎማ ለሠራሁት ሞዴል ዋና ፕሮቲኑ አፖ ኤ-1 ይመቻል፤ 243 አሚኖ አሲድ ብቻ ነው። (የሌላው ኮሌስትሮል ተሸካሚ ቅንጣት፣ የኤልዲኤል፣ ፕሮቲን አፖ ቢ-100 4,536 ስላለው አልነካሁትም።) ኤችዲኤል ገና ሲፈጠር እንደ ሳህን ጠፍጣፋ ነው፤ ሁለት አፖ ኤ-1 ጠርዙን እንደ መቀነት ይጠመጠሙበታል።

1 ናኖሜትርን በ2 ሳንቲ ሜትር ወከልኩ። በአልፋ ሄሊክስ (ፕሮቲን እንደ ስፕሪንግ የሚጠመዘዝበት ቅርጽ) ላይ አንድ አሚኖ አሲድ 0.15 ናኖሜትር ስለሚይዝ 3 ሚሊ ሜትር ይደርሰዋል። መቀነቱ ከ44ኛው እስከ 243ኛው ያሉት 200 ናቸው፦ 60 ሳንቲ ሜትር። ሲከብ የመሃል ስፋቱ 19 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ከመርካቶ ውፍረቱ 2 ሳንቲ ሜትር የሆነ ነጭ የውሃ ጎማ ሜትር ተኩል ገዛሁ።

የእያንዳንዱን አሚኖ አሲድ ቦታ የሚያሳዩትን ነጥቦች በኤክሴል አውጥቼ አራት ኪሎ ፎቶኮፒ ቤት አሳተምኩ። ማተሚያው ገጹን ትንሽ አጥብቦት ነበር፤ ጥግ ላይ የ10 ሳንቲ ሜትር መስመር ባላሰምር አላውቅም ነበር።

ትልቁ ስህተቴ ከአንዱ አሚኖ አሲድ ወደ ቀጣዩ ያለው የመዞሪያ ማዕዘን ነው። መማሪያ መጻሕፍት አንድ ዙር 3.6 አሚኖ አሲድ ስለሚሉ በ100 ዲግሪ ሄድኩ። ውሃ የሚሸሹት አሚኖ አሲዶች፣ ቢጫ የቀባኋቸው፣ በየ11ዱ 20 ዲግሪ እየሸሹ መጨረሻ ላይ ጎማውን ዞሩት። እንዲህ ያለ መቀነት ስብ አያቅፍም። አፖ ኤ-1 ላይ 11 አሚኖ አሲድ 3 ዙር ይሞላል፤ ማዕዘኑ 98.2 ዲግሪ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ነጥብ ከቀዳሚው 3 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ፣ 17.1 ሚሊ ሜትር ወደ ቀኝ ይቀመጣል። ወደ ግራ ከተሄደ ጥምዙ ይገለበጣል።

ማረጋገጫው ፕሮሊን የተባለው አሚኖ አሲድ ነው። 66፣ 99፣ 121፣ 143፣ 165፣ 209 እና 220 ላይ ያሉት ሰባቱ በ11 ብዜት ስለሚራራቁ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ መዋል አለባቸው። ዩኒፕሮት (የፕሮቲኖች የመረጃ ቋት) ላይ ቆጠራው ተቆርጦ የሚወድቀውን ጫፍ ስለሚጨምር 24 ይቀነሳል፤ 90 ብሎ ያሳየው ፕሮሊን 66ኛው ነው።

ወረቀቱን ጎማው ላይ እንደለጠፍኩ ሳጎብጠው ተጨማደደ። ሁለተኛውን በመርፌ ወግቼ ነጥቦቹን በማርከር ካስተላለፍኩ በኋላ ወረቀቱን ላጥኩት። ጎማ ተጠቅልሎ የቆየበትን አቅጣጫ አይረሳም፤ ቢጫው ወገን በዚያው ጉብጠት ውስጠኛ በኩል ካልዋለ እየተጣመመ ያስቸግራል።

ሁለቱ መቀነቶች ተቃራኒ አቅጣጫ ይዘው ይደራረባሉ፤ የአንዱ አምስተኛ ሄሊክስ (ከ121ኛው እስከ 142ኛው አሚኖ አሲድ ያለው ክፍል) በሌላው አምስተኛ ላይ ያርፋል። ያኔ የአንዱ ጎማ ሁለት ጫፎች የሚገጥሙበት ቦታ ከሌላው ጎማ መጋጠሚያ በ7.2 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። መጋጠሚያዎቹ አንድ ቦታ ከዋሉ አንደኛው ተንሸራቷል።